ተቆጣጣሪ ተቋማት ለምን አይቀጡም? ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ አቀረብኩ። ምርመራው ተጠናቆ በደል እንደተፈጸመብኝ ተረጋገጠ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን የመፍትሔ ሐሳቡን እንደማይቀበል በአጭር ደብዳቤ ገልጾ ጉዳዩን ዘጋው። የዋና ኦዲተሩም ሪፖርት በየዓመቱ ያንኑ ግኝት ይዞ ይወጣል። ጥርስ የሌላቸውን እነዚህን ተቋማት ማቆየት ፋይዳው ምንድን ነው? ኦዲተሩን፣ እንባ ጠባቂውንና ፀረ ሙስና ኮሚሽኑን አዋሕዶ የማዘዝና የመቅጣት ሥልጣን ያለው አንድ ብርቱ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይሻልምን? እንዲህ ከሆነስ ተቆጣጣሪውን ማን ይቆጣጠረዋል?»

ጥያቄው ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን እንደ አንድ ስለሚያይ፣ መልሱ እነርሱን ከመለየት ይጀምራል። ዋና ኦዲተር የሚመረምረው የሕዝብ ገንዘብ በተፈቀደለት ዓላማና ሥርዓት መሠረት መዋሉን ነው፤ የክዋኔ ኦዲት ሲያደርግ ደግሞ ገንዘቡ የታሰበውን ውጤት በተመጣጣኝ ወጪ ማስገኘቱን ይመረምራል። እንባ ጠባቂ የሚመረምረው አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤት ጋር በነበረው ጉዳይ መጓተት፣ አድልዎ፣ የተሳሳተ መረጃ ወይም ምክንያት ያልተሰጠበት እምቢታ ደርሶበት እንደሆነ ነው፤ የተጣሰ የሕግ አንቀጽ ባይኖር እንኳ አሠራሩ በደል ሊሆን ይችላል። ፀረ ሙስና ኮሚሽን የሚመረምረው ወንጀልን ነው። ከእነዚህ ሌላ በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀመጡ የውስጥ ኦዲተሮችና ኢንስፔክተሮች አሉ፤ እነርሱ ከሁሉ በፊት የሚያገለግሉት የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ስለሆነ በዚህ ምላሽ የማነሣቸው በመጠኑ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ በማስረጃ አሰባሰባቸውም ይለያያሉ። ኦዲተር ከብዙ ሺህ ክፍያዎች መካከል ናሙና ወስዶ፣ የተገኘው ስሕተት የሒሳብ መግለጫውን የሚያዛባ መሆን አለመሆኑን ይመዝናል። እንባ ጠባቂ ፋይሉን አስቀርቦና ሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ በአግባቡ የሚሠራ መሥሪያ ቤት በዚህ ሁኔታ ምን ያደርግ እንደነበር ይጠይቃል። የወንጀል መርማሪ ግን ጥፋቱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ተጠርጣሪውም ዝም የማለት መብት አለው። የማዋሐዱ ሐሳብ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንድ የሒሳብ ሹም ካዝናውንና መዝገቡን ሳያንገራግር ለኦዲተር እንዲከፍት፣ የተጠየቀውንም ሁሉ እንዲያብራራ ሕግ ሊያስገድደው የሚችለው፣ ጠያቂው በማግሥቱ ከሳሽ ሆኖ እንደማይቀርብበት ስለሚታወቅ ነው። ኦዲተሩና ከሳሹ አንድ ከሆኑ ሹሙ ከጠበቃው ጋር ይመጣል፤ ይህም መብቱ ነው። ያን ጊዜ በአንድ ቀን ንግግር ይገኝ የነበረው ማብራሪያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ የሚገኝ ይሆናል።

አብሮ መታረም የሚገባው ሌላ የተለመደ ስሕተት አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ነቀፌታ የሌለበት የኦዲት አስተያየት አገኘ ማለት ሙስና የለበትም ማለት አይደለም፤ የሒሳብ መግለጫዎቹ ጉልህ ስሕተት እንደሌለባቸው በቂ የሆነ፣ ፍጹም ግን ያልሆነ ማረጋገጫ ተሰጠ ማለት ነው። ተጫራቾች አስቀድመው ተስማምተው ዋጋውን ከፍ ያደረጉበት ግዢ ደረሰኙም ፊርማውም የተሟላ፣ ሒሳቡም የሚዘጋ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ብዙ ግኝት የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት የሌቦች መሰብሰቢያ ነው ማለትም አይደለም፤ ደካማ የሰነድ አያያዝ ብቻውን ብዙ ገጽ ይሞላል። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ የግዢ መመሪያን ያልተከተለ ወጪና በእርግጥ የጎደለ ገንዘብ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ በሪፖርቱ የተጠቀሱትን ቁጥሮች ሁሉ ደምሮ «ይህን ያህል ተዘረፈ» ብሎ የሚያውጅ ሰው ለተመርማሪው ታላቅ ውለታ ይውላል፤ ኃላፊው ድምሩ ስሕተት መሆኑን ካሳየ በኋላ ስለ እውነተኛው ጉድለት የሚጠይቀው አይኖርምና።

ወደ ዋናው ነጥብ ስንመጣ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የዴሞክራሲ ፈጠራ እንዳልሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። ቻይና ከቺን ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ ሹማምንትን የሚመረምሩና የሚከስሱ ባለሥልጣናት ነበሯት። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ቀዳማዊ በ1714 የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስም በ1722 ሹማምንቱን የሚከታተልለት ዋና ዐቃቤ ሕግ ሾመ። እነዚህ ሁሉ የማዘዝም የማስቀጣትም አቅም ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ተጠሪነታቸው ለገዢው ስለነበር የሚያስከብሩት የገዢውን ጥቅም ነበር፤ ተገልጋዩ ስለ ደረሰበት በደል ግድ የሚላቸው የንጉሡን ገቢ ወይም ክብር የነካ እንደሆነ ነው። ስዊድን በ1809 ንጉሧን ካወረደች በኋላ ባወጣችው ሕገ መንግሥት እንባ ጠባቂውን ምክር ቤቱ እንዲመርጥ አደረገች። ብሪታንያም በ1861 የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴን በምክር ቤቷ ውስጥ አቋቁማ፣ በ1866 በወጣው ሕግ ኦዲተሩ የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለዚያው ምክር ቤት እንዲያቀርብ ደነገገች። በእነዚህ ለውጦች የተቀየረው ዋናው ነገር ሪፖርቱ የሚደርሰው አካል ነው። እርስዎ «ጥርስ» ያሉትን ነገር መፈለግ ያለብንም ከተቆጣጣሪው ይልቅ ሪፖርቱን በሚቀበለው ዘንድ ነው፤ ቀሪው መልሴ በሙሉ ይህንን ለማስረዳት ነው።

ታዲያ እንባ ጠባቂው ለምን አያዝዝም? የመጀመሪያው ምክንያት የሥራው ባሕርይ ነው። እንባ ጠባቂ ከፍርድ ቤት የሚሻለው ክፍያ ስለማይጠይቅ፣ ጠበቃ ስለማያስፈልግና ፋይሉን ራሱ ፈልጎ ስለሚያመጣ ነው። ውሳኔው አስገዳጅ በሆነ ቁጥር ግን ተመርማሪው የመከራከር፣ ምስክር የመጠየቅና ይግባኝ የመጠየቅ መብት ሊሰጠው ይገባል፤ በመጨረሻም ሌላ ፍርድ ቤት ተቋቁሞ ይገኛል፤ ወረፋውም እንደ ፍርድ ቤት ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ መፍትሔው ገንዘብ ወይም የፖሊሲ ለውጥ የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ በጀት የሚያጸድቀው ደግሞ ሕዝብ የመረጠው አካል እንጂ የተሾመ መርማሪ አይደለም።

አስገዳጅ አይደለም ማለት ግን መሥሪያ ቤቱ እንደ ፈለገ ይጥለዋል ማለት አይደለም፤ ደብዳቤያቸው የደረሰዎት ኃላፊም ይህን ያወቁ አይመስልም። በብሪታንያ የምክር ቤቱ እንባ ጠባቂ በ2006 ባወጣችው ሪፖርት፣ መንግሥት ስለ ድርጅቶች የጡረታ ዋስትና ያሠራጫቸው ጽሑፎች ሠራተኞችን ያሳሳቱ እንደነበሩ አረጋገጠች። መንግሥት ግኝቱን አልቀበልም አለ፤ ተጎጂዎቹ ከሰሱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2008 በሰጠው ውሳኔ፣ የእንባ ጠባቂዋ ግኝት ሚኒስትሩን በቀጥታ ባያስገድድም፣ ሚኒስትሩ የራሱን አስተያየት ስለመረጠ ብቻ ሊጥለው እንደማይችልና አሳማኝ ምክንያት ማቅረብ እንዳለበት ገለጸ። ግኝትና የመፍትሔ ሐሳብ እንደሚለያዩም ከዚሁ ጉዳይ መረዳት ይቻላል፤ «በደል ተፈጽሟል» የሚለውን ግኝት ለመጣል የሚያስፈልገው ምክንያት፣ «ይህን ያህል ይካስ» የሚለውን ሐሳብ ላለመቀበል ከሚያስፈልገው ይልቅ ከባድ ነው።

አስገዳጅነትን እስከ መጨረሻው የፈተነችው አገር ደቡብ አፍሪካ ስለሆነች በእርሷ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። የሕዝብ ጠባቂዋ (በዚያ አገር እንባ ጠባቂው የሚጠራው በዚህ ስም ነው) ቱሊ ማዶንሴላ በ2014 ባወጡት ሪፖርት፣ በፕሬዚዳንቱ የግል መኖሪያ ላይ በደኅንነት ስም የመዋኛ ገንዳና የከብት በረት ሳይቀር በመንግሥት ገንዘብ መሠራቱን ገልጸው፣ ፕሬዚዳንቱ ከወጪው ተገቢውን ድርሻ እንዲከፍሉ አዘዙ። ፕሬዚዳንቱም ምክር ቤቱም ትእዛዙን ችላ አሉት። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2016 በሙሉ ድምፅ፣ የሕዝብ ጠባቂው የሚያዝዘው የማስተካከያ እርምጃ በፍርድ ቤት እስካልተሻረ ድረስ አስገዳጅ ነው ሲል ወሰነ፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዓመት 7.8 ሚሊዮን ራንድ ገደማ ከፈሉ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ታሪኩ ለእርስዎ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ይሆን ነበር። ነገር ግን ያው ሥልጣን ተተኪዋ እጅ በገባ ጊዜ፣ በ2017 ስለ አንድ የባንክ ጉዳይ በወጣ ሪፖርት የማዕከላዊ ባንኩን ሕገ መንግሥታዊ ዓላማ ለመቀየር ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል እስከ ማዘዝ ተደረሰ። ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረ፤ ሌሎች ሪፖርቶችም ተራ በተራ ወደ ችሎት እየተወሰዱ ተሻሩ፤ በመጨረሻም ተሿሚዋ በ2023 በምክር ቤቱ ድምፅ ከሥልጣን ተነሡ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አስገዳጅ ሥልጣን መጥፎ ነው የሚል አይደለም። አስገዳጅ ሥልጣን እያንዳንዱን ትልቅ ሪፖርት ወደ ሙግት እንደሚለውጠውና የተቋሙን ዋጋ በሹመቱ ጥራት ላይ እንደሚጥለው ግን ያሳያል። ምክር ብቻ የሚሰጥ እንባ ጠባቂ ሲሳሳት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የሚያዝዝ እንባ ጠባቂ ሲሳሳት ተቋሙ አብሮት ይወድቃል።

በኦዲቱ ዘርፍም የመፍረድ ሥልጣን ያላቸው ተቋማት አሉ። በ1807 የተቋቋመው የፈረንሳይ የሒሳብ ፍርድ ቤት አባላቱ ከቦታቸው የማይነሡ ዳኞች ናቸው፤ የሒሳብ ሹሞችንም የጎደለውን ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ይፈርድባቸው ነበር። በተግባር ግን ፍርዱ የሚያርፈው ክፍያውን በፈጸመው ሹም ላይ እንጂ ክፍያውን ባዘዘው አለቃ ላይ አልነበረም፤ የተፈረደበትን ዕዳም ሚኒስትሩ በምሕረት ሊያነሣለት ይችል ነበር። ይህ ሥርዓት ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ በሌላ ተተክቷል። ጥርስ አለ ሲባል ማንን እንደሚነክስ አስቀድሞ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን የዋና ኦዲተሩ ግኝት በየዓመቱ ስለሚደጋገምበት ምክንያት። በእኔ ግምት ከሚነገሩት ምክንያቶች ሁሉ ቅጣት አለመኖሩ ትንሹ ነው። በመጀመሪያ፣ ሪፖርቱ የሚወጣው የበጀት ዓመቱ ካለቀ ከብዙ ወራት በኋላ ስለሆነ ሲታተም ጥፋቱን የፈጸመው ኃላፊ ተዛውሮ፣ አዲሱ «እኔ አልነበርኩም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ቀጥሎ፣ የብዙ ግኝቶች ሥር ያለው ከተመረመረው መሥሪያ ቤት ውጭ ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር በጀቱን በዓመቱ መጨረሻ ሲለቅቀው መሥሪያ ቤቶች ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆንባቸው ተጣድፈው ይገዛሉ፤ ኦዲተሩም «ግዢው ሥርዓቱን አልተከተለም» ብሎ ይጽፋል፤ መፍትሔ የሚፈልገው ግን የበጀት አለቃቀቁ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ኦዲተሮቹ ራሳቸው የሚጽፉት ምክር ነው፦ «መሥሪያ ቤቱ የውስጥ ቁጥጥሩን እንዲያጠናክር» የሚል ምክር ተፈጸመም አልተፈጸመም ሊባል አይችልም። ኃላፊው «አጠናክረናል» ብሎ ይመልሳል፤ በቀጣዩ ዓመት ያው ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ ይታተማል። «እስከዚህ ቀን ድረስ የንብረት ቆጠራው በዚህ የሥራ ክፍል ተጠናቆ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር» የሚል ምክር ቢሆን ኖሮ ማን እንዳልፈጸመው ይታወቅ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሪፖርቱን የሚቀበለው አካል ጉዳይ ነው። የብሪታንያው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከተቃዋሚ ወገን የሚመረጥ ሲሆን፣ ለጥያቄ የሚጠሩትም ሚኒስትሮቹ ሳይሆኑ ለሒሳቡ በስማቸው ኃላፊ የሆኑት ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። መንግሥት ለኮሚቴው ሪፖርት በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል፤ እያንዳንዱን ነጥብ ይቀበል ወይም አይቀበል እንደሆነም ይገልጻል። ሚኒስትር የማይገባ ወጪ ቢያዝዝ ደግሞ ኃላፊው ትእዛዙን በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ደብዳቤውም ለኦዲተሩ ይላካል፤ በዚህ መንገድ ተጠያቂነቱ ወደ አዛዡ ይዞራል። በአሜሪካ በ1921 የተቋቋመው የምክር ቤቱ ኦዲት መሥሪያ ቤትም ማንንም የመቅጣት ሥልጣን የለውም። ሆኖም የሰጠውን እያንዳንዱን ምክር በይፋ መዝግቦ እስኪፈጸም ድረስ ይከታተላል፤ በየሁለት ዓመቱም ለብክነትና ለብልሽት እጅግ የተጋለጡ የመንግሥት ሥራዎችን ዝርዝር ያወጣል፤ ይህንንም ከ1990 ጀምሮ ሲያደርግ ቆይቷል። ከሰጣቸው ምክሮች ውስጥ በአራት ዓመት ጊዜ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት ተፈጽመው ይገኛሉ። በአንጻሩ ሰብሳቢው የመንግሥት ወገን በሆነበት፣ ስብሰባውም በዝግ በሚካሄድበት ምክር ቤት ምርጡ ኦዲተር ቢቀመጥ እንኳ ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

የማዋሐዱን ሐሳብ ወደሚመለከተው ልመለስ። ብዙ ጊዜ እንደ አብነት የሚጠቀሰው በ1974 የተቋቋመው የሆንግ ኮንግ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው፤ መነሻውም በሙስና ይመረመር የነበረ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን በ1973 ከአገር መኮብለሉ ነበር። ኮሚሽኑ በእርግጥ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሥራው አንድ ነው፤ እርሱም ሙስና። የመንግሥትን ሒሳብ አይመረምርም፤ በሙስና ወንጀል ክስ ለመመሥረት የሕግ ጉዳዮች ኃላፊውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ምርመራዎቹንም ከውጭ የተሰየመ ኮሚቴ ይገመግማል። ይህም ሆኖ በ1977 ምርመራው የበዛባቸው ፖሊሶች ቢሮው ድረስ ሄደው ጥቃት ሲያደርሱ፣ አስተዳደሩ ለቀደሙ ጥፋቶች ከፊል ምሕረት ለማወጅ ተገዷል። ኢንዶኔዥያም በ2002 ሕግ ብርቱ ኮሚሽን አቋቁማ ነበር፤ በ2019 በተደረገ ማሻሻያ ኮሚሽኑ የአስፈጻሚው አካል ሆነ፤ ሠራተኞቹም ወደ መደበኛ የመንግሥት ሠራተኝነት ተዛወሩ። ሁሉም ቁጥጥር በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆነ እንዲህ ያለ አንድ ማሻሻያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያዳክመዋል፤ ሦስት ከሆኑ ግን አንዱ ሲዳከም ሌሎቹ ይቀራሉ። አንዱ የሌላውን ሒሳብ መመርመሩም ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ነጻነትን በተመለከተ ሕጉ «ተቋሙ ነጻ ነው» ማለቱ ብቻውን ምንም አይፈይድም። የዓለም ኦዲት ተቋማት በ1977 በሊማ ያወጡት መግለጫና በ2007 በሜክሲኮ የጨመሩበት ሁለቱም ተግባራዊ ነገሮች ላይ ያተኩራሉ፦ ኃላፊው በማንና ለስንት ዓመት ይሾማል፣ በምን ምክንያት ይነሣል፣ በጀቱን ማን ይወስናል፣ የሚመረምረውን ማን ይመርጣል፣ ሪፖርቱን ማሳተም ይችላል ወይ። የአሜሪካው ዋና ኦዲተር የሚሾመው ለ15 ዓመት፣ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሕገ መንግሥት ጉዳዮች የሚያማክረው የአውሮፓው የቬኒስ ኮሚሽን በ2019 ባወጣቸው መርሆዎች የእንባ ጠባቂ ዘመን ከሰባት ዓመት ባያንስና ባይታደስ እንደሚመረጥ አስፍሯል፤ ለሁለተኛ ዘመን መመረጥን የሚጠብቅ መርማሪ ከመራጮቹ ጋር መጣላት አይፈልግምና። በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ተቆጣጣሪ ያለበት አደጋ ከዚህም ይብሳል። በአሜሪካ በ1978 ሕግ የተቋቋሙት ዋና ኢንስፔክተሮች ሲሰናበቱ ለምክር ቤቱ አስቀድሞ የ30 ቀን ማስታወቂያ እንዲሰጥ ሕጉ ቢያዝዝም፣ በጥር 2025 ከ15 የሚበልጡት ማስታወቂያው ሳይሰጥ በአንድ ምሽት ተሰናብተዋል። በሕግ የተጻፈ ዋስትና ሲጣስ የሚቆጣ ምክር ቤት ከሌለ ዋስትናነቱ ይቀራል።

ቁጥጥርን ማብዛት ራሱ ዋጋ እንዳለውም መናገር ግዴታዬ ነው። በብራዚል ተቆጣጣሪዎች በየፊርማው ላይ የግል ተጠያቂነት ማስከተል ሲጀምሩ፣ ኃላፊዎች ከመሳሳት አለመፈረምን መረጡ፤ ውሎች ቆሙ፤ ሥራዎች ተጓተቱ። ምክር ቤቱ በ2018 ያወጣው ሕግ ተቆጣጣሪዎች ውሳኔያቸው የሚያስከትለውን ተግባራዊ ውጤትና ኃላፊው የነበረበትን እውነተኛ ችግር እንዲመዝኑ አስገደደ፤ በግል መጠየቅም ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ወይም ለከባድ ስሕተት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። እርስዎ የሚመኙት ቀጪ መሥሪያ ቤት ቢቋቋም አቤቱታ ያቀረቡበት ቢሮ ከአሁኑ የፈጠነ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም፤ እያንዳንዱን ፋይል ከአለቃ ወደ አለቃ እያስተላለፈ ፊርማ የሚሰበስብ ይሆናል።

ተቆጣጣሪውን ማን ይቆጣጠረዋል ለሚለው መልሱ ከሚታሰበው ያነሰ ምሥጢር ነው። የበላይ ላይ የበላይ መደራረብ አያስፈልግም። ሒሳቡን ከውጭ የሚሾም ኦዲተር ይመረምራል፤ ውሳኔው ከሥልጣኑ ካለፈ ፍርድ ቤት ይሽረዋል፤ የአሠራሩን ጥራት የሌላ አገር አቻ ተቋም በግብዣ ይገመግማል፤ ይህ በኦዲት ተቋማት ዘንድ የተለመደ ነው። በጀቱንና ዓመታዊ ሪፖርቱን ደግሞ ምክር ቤቱ ያያል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እነዚህን የመጠየቂያ መንገዶች ሰበብ አድርጎ በተጀመረ ምርመራ ውስጥ ጣልቃ መግባትን ነው፤ ምክር ቤት የተጠናቀቀውን ሪፖርት ይጠይቃል እንጂ ማን ይመርመር፣ ማን ይተው አይልም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ሦስቱን ተቋማት አታዋሕዱ፤ ለእንባ ጠባቂውም አጠቃላይ የማዘዝ ሥልጣን አትስጡ። በምትኩ መልስ የመስጠትን ግዴታ በሕግ ደንግጉ፦ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሪፖርቱ በደረሰው በሁለት ወር ውስጥ እያንዳንዱን ነጥብ ጠቅሶ፣ ከተቀበለ የሚፈጽመውን ሰውና ቀን፣ ካልተቀበለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጽ፤ መልሱም ከሪፖርቱ ጋር ይታተም። መልሱን የሚመረምረው ኮሚቴ በተቃዋሚ ወገን የሚመራና በግልጽ ችሎት የሚቀመጥ ይሁን፤ የሚቀጥለው ዓመት ኦዲትም ያለፈውን ምክር አፈጻጸም በማየት ይጀምር። ማስገደድ የግድ አስፈላጊ የሚሆንበት አንድ ጠባብ ቦታ አለ፤ እርሱም መጠኑ በገንዘብ ተለክቶ የታወቀ ኪሳራ ነው። ለዚህ የደቡብ አፍሪካ የ2018 ማሻሻያ ደኅና አብነት ይሆናል፦ ኦዲተሩ መጀመሪያ ያሳውቃል፣ ምክር ይሰጣል፣ ካልተፈጸመ አስገዳጅ ማስተካከያ ያዝዛል፤ ይህ ሁሉ ችላ ከተባለ ብቻ በኃላፊው ስም የዕዳ የምስክር ወረቀት፣ ማለትም ኪሳራውን ራሱ እንዲከፍል የሚያደርግ ሰነድ፣ ያወጣል። ኃላፊው በየደረጃው የመሰማት ዕድል ስላለው ተቋሙ ወደ ፍርድ ቤትነት አይለወጥም።

የእርስዎን ጉዳይ በተመለከተ፣ በእጅዎ ያለው የእንባ ጠባቂ ግኝት ከሚገምቱት የበለጠ ዋጋ አለው። መጀመሪያ የእምቢታውን ደብዳቤ ደግመው ያንብቡ፤ መሥሪያ ቤቱ ያልተቀበለው በደል መፈጸሙን ነው ወይስ ካሳውን ብቻ? በደሉን ካልካደ የሚቀረው ክርክር ስለ መፍትሔው መጠን ብቻ ነው። ምክንያት ያልተጻፈበት ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አለመመለሱም ራሱ ሰነድ ይሆንልዎታል። ቀጥሎ እንባ ጠባቂው ጉዳዩን በልዩ ሪፖርት ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያመልክቱ፤ በደል ተረጋግጦ ሳይካስ ሲቀር እንዲህ ማድረግ ብዙ ሕጎች የሚፈቅዱት ነው። በተለይ የምጠይቅዎ ግን ዛሬውኑ የሕግ ባለሙያ አማክረው የፍርድ ቤት ጊዜ ገደቡን እንዲያረጋግጡ ነው፤ በብዙ አገሮች ለእንባ ጠባቂ አቤቱታ ማቅረብ ለፍርድ ቤት የተቀመጠውን የጊዜ ገደብ አያቆመውም፤ ገደቡም ከመጀመሪያው ውሳኔ ወይስ ከእምቢታው ደብዳቤ ቀን እንደሚቆጠር የሚወስነው የሚመለከተው ሕግ ነው።